ጎብዬና ቆቦ ለቅዳሜና እሁድ፦ የት እንብላ፣ ምን እንይ፣ ስንመለስስ ምን እንበል?

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የደረሰኝ ጥያቄ ስለ መድኃኒትም ስለ ምርመራም አይደለም። «ዶክተር፣ አንተ የጎብዬ ልጅ ነህ አሉ። ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜና እሁድን ወደዚያ ብቅ ልንል ነው። የት እንብላ? ምን እንይ?» የሚል ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ የሰፈሬን ስም ሌላ ሰው ሲያነሳው ደስ ይለኛል። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ዝም ብዬ «ሂዱ፣ ተዝናኑ» ብቻ ብዬ መመለስ አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕክምና ትምህርቴን በጨረስኩ በዓመቱ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ጓደኛዬን ይዤ ጥቅምት ላይ ጎብዬ ሄድኩ። በላን፣ ጠጣን፣ ማሽላ እርሻ ውስጥ ፎቶ ተነሳን። ማታ አክስቴ አጎበር ዘርግታ ስትሰጠው «ኧረ እቴቴ፣ እዚህ ትንኝ የለም፤ ይልቅ ሙቀቱ ነው የገደለን» ብሎ በረንዳ ላይ ተኛ። እኔም ሐኪሙ ሰውዬ ፍራሼን ጎትቼ አጠገቡ ተኛሁ። እሁድ ተነስተን ሰኞ አዲስ አበባ ገባን። ጉዞው አለቀ።

አላለቀም። በ11ኛው ቀን ደወለልኝ። «ራሴን ያመኛል፣ ይበርደኛል፣ ጉንፋን ይመስለኛል» አለኝ። አዳር ሥራ ላይ ነበርኩ። «ፓራሲታሞል ውሰድ፣ ፈሳሽ ጠጣ» አልኩትና ዘጋሁት። በማግስቱ ሥራ ቦታው አጠገብ ያለ ክሊኒክ ሄደ፤ ደም ሰጠ፤ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ተብሎ አንቲባዮቲክ ተሰጠው። የት ሄዶ እንደነበር የጠየቀው ሰው የለም። እሱም አልተናገረም። በ14ኛው ቀን እህቱ ደወለች፦ «እየቃዠ ነው፤ ስሜን ሲጠራ ይሳሳታል።» ያን ጊዜ ነው በረንዳው ትዝ ያለኝ።

ከባድ የፋልሲፓረም ወባ ነበር። በደም ሥር የሚሰጥ አርቴሱኔት ተጀመረለት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። ሲሻለው አልጋው ላይ ሆኖ የነገረኝን ግን እስከዛሬ አልረሳውም። «አንተ አብረኸኝ ሄደህ፣ ሐኪምም ሆነህ ካልጠየቅከኝ ማን ይጠይቀኛል?»

ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ሁለት ነገር ነው። የሰፈሬን ምግብና ውበት አሳያችኋለሁ፤ አትሂዱ ለማለት አይደለም። ከዚያ ግን ከጉዞው መልስ ልትናገሯት የሚገባችሁን አንዲት ዓረፍተ ነገር አስተምራችኋለሁ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እሷን እንዳትረሱ።

📌 1. መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው

ጎብዬ በሰሜን ወሎ፣ ራያ ቆቦ ውስጥ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና አስፋልት ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከወልድያ ስትወርዱ ጎብዬ፣ ቀጥሎ ሮቢት፣ ቀጥሎ ቆቦ፣ ከዚያ አልፋችሁ ዋጃና አላማጣ ታገኛላችሁ። በምዕራብ በኩል የላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ፣ መሀል ላይ ሰፊው የራያ ሜዳ። አላውሃና ጎሊና ከደጋው ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ወደ አፋር ይሄዳሉ።

ከአዲስ አበባ ወልድያ በደሴ በኩል 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ይህ የሁለት ቀን ጉዞ አይደለም። ዓርብ ወይም ሰኞን ጨምሩበት። በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ድረስ ሄዶ ከዚያ በመኪና መቀጠልም ይቻላል። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ላላችሁ ግን ቅዳሜና እሁድ በደንብ ይበቃል። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ በዚያ ሳምንት አካባቢው ላይ ካለ ሰው ጠይቁ፤ የወር ወሬ አይበቃም። ማታ አትንዱ፤ ቀበቶ እሰሩ።

ከጤና አንጻር ዋናው ቁጥር ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአገራችን በጥቅሉ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ የወባ አካባቢ ተብሎ ይታሰባል። ከወልድያ ቁልቁል ወርዳችሁ የመኪናውን መስኮት ስትከፍቱ ፊታችሁን የሚመታችሁ ሙቀት «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ቆላ ገብታችኋል» እያላችሁ ነው።

ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። ያኔ «የቆቦ ጨርጨር» ይባል የነበረው ይህ ሜዳ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወባን ለመቆጣጠር በአገራችን የሙከራ ሥራ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በ1958 (እ.ኤ.አ.) በደጋው ጫፍ ሳይቀር የተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። በማግስቱ ዓመት ነው ወባን ለማጥፋት ራሱን የቻለ ድርጅት የተቋቋመው። ስለዚህ የኛ ሽማግሌዎች ማታ ማታ «ግቡ፣ ቤት ግቡ» የሚሉት ለቁጥጥር ብቻ እንዳይመስላችሁ።

📌 2. ምን እንይ፣ ምን እናድርግ?

👉 ሜዳውን እዩ። መስከረምና ጥቅምት ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል። ልጆች መንገድ ዳር ጥንቅሽ ይዘው ይቆማሉ። ጥንቅሽ ማለት አገዳው የሚመጠጥ ጣፋጭ ማሽላ ነው። ግዙ፣ ምጠጡ፤ ግን ልጣጩን በጥርሳችሁ ከመላጣችሁ በፊት በንጹህ ውኃ እጠቡት። መሬት ላይ ተጋድሞ የዋለ ነገር ነው።

👉 ገበያ ሂዱ። የቆቦ ገበያ ላይ ማሽላው፣ ጤፉ፣ ቅቤው፣ ሽንኩርቱ፣ ከብቱ ሁሉም አለ። የራያን ጎፈሬ፣ አለባበስና ጨዋታ የምታዩት እዚያ ነው። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ፀሐዩ ይከብዳል፤ ገበያውን በማለዳ ጨርሱት።

👉 ሶለል የሚባለውን የልጃገረዶች በዓል ማየት ከፈለጋችሁ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ባሉት ቀናት ሂዱ። ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ፣ ቆቦ ሶለል ይሉታል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ የወባ ዋና ወቅት መሆናቸውን አስታውሱ። ሚያዝያና ግንቦት ላይም አነስ ያለ ሁለተኛ ወቅት አለ።

👉 ወንዝ ዳር ተቀመጡ፤ ውስጡ ግን አትዋኙ። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ደራሽ ጎርፍ ነው፤ ሜዳው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ደረቅ የነበረውን ወንዝ በደቂቃ ይሞላዋል። የወንዝ አሸዋ ላይ መኪና አታቁሙ። ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። ቀስ ብሎ በሚፈስ ውኃና በመስኖ ቦይ ውስጥ ያሉ ቀንድ አውጣዎች የሚለቁት ጥገኛ ተባይ ቆዳ በስቶ ይገባል። መጠጣት አይጠበቅባችሁም፤ እግር መንከር ይበቃዋል።

👉 ማታ ደግሞ ወልድያ መመለስ ትችላላችሁ። ይህ የኔ ምክር ነው፦ ቀኑን ጎብዬና ቆቦ ዋሉ፣ አዳራችሁን ከፍ ብላ በምትገኘው ወልድያ አድርጉ። የወባ ትንኝ በዋናነት የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ከጀንበር በፊት ወደ ደጋ መውጣት ስጋቱን በጣም ይቀንሰዋል። ዜሮ አያደርገውም። የሚቀርባችሁ ነገር እንዳለ አልክድም፤ የጎብዬ ምሽት፣ ነፋሱ ሲነሳ በረንዳ ላይ የሚጠጣው ቡና ሌላ ነው። ማደር ከፈለጋችሁ እደሩ። ተዘጋጅታችሁ ግን እደሩ።

📌 3. የት እንብላ?

የምግብ ቤት ስም እንድጠራ የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ፤ አልጠራም። የምግብ ቤት ባለቤት ይቀየራል፣ ወጥ ቤቷ ትቀየራለች፣ ያለፈው ዓመት ምርጥ ቤት ዘንድሮ ላይሆን ይችላል። በምትኩ በየትኛውም ከተማ የሚሠራ የኔን መመዘኛ ልስጣችሁ። ጎብዬ፣ ሮቢትና ቆቦ አስፋልቱ ዳር ላይ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ከመቀመጣችሁ በፊት አራት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ሰው አለ ወይ? የከባድ መኪና ሾፌሮችና የአገሬው ሰው የሞሉት ቤት ምግቡ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ ቶሎ ይሠራል። ወጥ አይውልም አያድርም።

ሁለተኛ፣ የእጅ መታጠቢያው ውኃና ሳሙና አለው ወይ? ለእናንተ ብቻ አይደለም፤ አስተናጋጁም የሚታጠበው እዚያው ነው።

ሦስተኛ፣ ምግቡ እየጨሰ ነው የሚመጣው? የሚንተከተክ ሽሮ፣ ከእሳት የወረደ ጥብስ፣ የፈላ ሻይ የጀርም ጠላት ናቸው። ለብ ያለ ወጥ ግን ወዳጁ ነው።

አራተኛ፣ ሥጋ ከሆነ የዕለቱ ዕርድ ነው ወይ? ጠይቁ፤ ማንም አይቆጣም። አካባቢው ሙስሊምና ክርስቲያን ተከባብሮ የሚኖርበት ስለሆነ ሥጋ ቤቱ ለየብቻው ነው፤ ያን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዓርብ ከደረሳችሁ የጾም በየዓይነቱ አለ።

አሁን ወደ ምግቡ እንግባ።

✅ ሳትሳቀቁ ብሉ፦ የማሽላ እንጀራ (ያልለመደው ሰው ጠቆር ያለውን መልኩን አይቶ እንዳይሸሽ፤ ትኩሱን በቅቤና በበርበሬ ሞክሩት)፣ የፈላ ሽሮ፣ በደንብ የበሰለ ጥብስና ወጥ፣ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተጠበሰ የበቆሎና የማሽላ እሸት፣ ራሳችሁ አጥባችሁ የምትልጡት ማንጎና ሙዝ። ቡናም እንዲሁ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱም የፈሉ ናቸው። ስኒው በደንብ መታጠቡን ብቻ እዩ።

⚠️ አስባችሁ ብሉ፦ ሰላጣና ጥሬ ቲማቲም በምን ውኃ እንደታጠበ አታውቁም። ጁስ ውኃና በረዶ ከተጨመረበት ያው ነው። ጠላ ቤት ውስጥ የሚጠመቀው ባልፈላ ውኃ ነው። ሆዱ የለመደው የአገሬው ሰው ላያመው ይችላል፤ የእናንተ ሆድ ግን አልለመደም። የታሸገ ውኃ ስትገዙ ክዳኑ ሲከፈት «ጠቅ» ማለቱን ስሙ።

❌ የሚቀር፦ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! ራያ ሄዶ ቁርጥ አለመብላት፣ የጎብዬን ወተት አለመጠጣት ምን ይሉታል? ግን ሐኪማችሁ ነኝና ልንገራችሁ። ጥሬ የከብት ሥጋ የኮሶ ትል ያስተላልፋል። ዳጣው አይገድለውም፣ አረቄውም አይገድለውም፤ እሳት ነው የሚገድለው። ያልፈላ ወተት ደግሞ ብሩሴሎሲስን ያመጣል፤ ሄድ መለስ የሚል ትኩሳት፣ የማታ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞ ወራት ሊያንገላታ የሚችል በሽታ ነው። የከብት ሳምባ ነቀርሳም በወተት ይተላለፋል። እርጎም ወተቱ ሳይፈላ ከተረጋ ያው ነው፤ መምረሩና መኮምጠጡ ብቻውን አያድነውም።

«እሺ ዶክተር፣ ሰው ቤት ተጋብዤ እናቴ የምታህል ሴት ጣሳ ሙሉ ወተት ብታቀርብልኝስ?» ትሉኛላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እንቢ ማለት እኛ ጋ ነውር ነው፤ ያስቀይማል። መፍትሔው እንቢ ማለት ሳይሆን ማስፈላት ነው። «እማማ፣ ሆዴን ትንሽ አሞኛል፤ በወተት ሻይ ያፍሉልኝ» በሉ። ይኸው ነው። አክስቴን በዚህች ዘዴ ስንት እንግዳ አስተናግዳለች መሰላችሁ! ክብሩም አይጎድልም፣ ጀርሙም ይሞታል።

ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር፦ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር በጣት ነክታችሁ እንኳን አታቅምሱ። ቦቱሊዝም የሚባል ለሕፃን አደገኛ የሆነ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

📌 4. ቦርሳችሁ ውስጥ ምን ይኑር?

ብዙ የአካባቢው ጤና ተቋማት በጦርነቱ ተጎድተው ነው ወደ ሥራ የተመለሱት። የሚያስፈልጋችሁን ቀላል ነገር ይዛችሁ ሂዱ።

• አጎበር። የታጠፈ አጎበር ከአንድ ሹራብ አይበልጥም። አልጋ ስትይዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ዋይፋይ አለ?» ሳይሆን «አጎበር አለ?» ይሁን። ካለም ቀዳዳ እንደሌለው እዩ፤ ጫፉን ፍራሽ ሥር አስገቡ።
• የትንኝ መከላከያ ቅባት። ከ12 ሰዓት በኋላ ገላ ላይ የሚቀባ፤ ፋርማሲ ጠይቁ።
• እጅጌ ያለው ልብስና ረጅም ሱሪ ለምሽት። ቁርጭምጭሚታችሁን ሸፍኑ።
• ኦ አር ኤስ (ብዙዎቻችን «ለምለም» የምንለው) ቢያንስ ሦስት ፓኬት። አንዱ በ1 ሊትር ንጹህ ውኃ ይበጠበጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ከሌላችሁ በ1 ሊትር ንጹህ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።
• ፓራሲታሞል፣ ሳሙና ወይም ሳኒታይዘር፣ ባርኔጣ።
• የዘወትር መድኃኒታችሁ። የደም ግፊት መድኃኒታችሁ ሽንት የሚያበዛ ከሆነ ቆላው ሙቀት ላይ ፈሳሽ ቶሎ ይጎድልባችኋል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። ኢንሱሊን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ።

የሚዋጥ የወባ መከላከያስ? አለ። ግን ሁሉም ሰው የሚወስደው አይደለም፤ አንዳንዱ ከጉዞ በኋላ እስከ 4 ሳምንት ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ለነፍሰ ጡርና ለልጆች አይሆንም። በተለይ ነፍሰ ጡሮች፣ ከ5 ዓመት በታች ልጅ የያዛችሁ፣ ጣፊያችሁ በቀዶ ሕክምና የወጣ እና ከውጭ አገር የምትመጡ ወገኖች ከጉዞው አንድ ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም አነጋግሩ። ለዳያስፖራ ወገኖቼ፦ «እኔ እዚያው ነው ያደግኩት፣ ወባ አያውቀኝም» አትበሉ። በተደጋጋሚ በመያዝ የሚመጣው ከፊል መከላከያ ከአካባቢው ርቃችሁ ስትኖሩ ይጠፋል። ነፍሰ ጡር እህቶቼ ደግሞ ከቻላችሁ ጉዞውን ከወባው ወቅት ውጪ አድርጉት።

📌 5. ከተመለሳችሁ በኋላ፦ የጉዞው ካሌንደር

አሁን ዋናው ክፍል ላይ ደረስን። ጉዞው ሁለት ቀን ነው፤ የጉዞው በሽታ ግን በራሱ ቀጠሮ ነው የሚመጣው። ይህን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።

🗓 በሰዓታት ውስጥ እስከ ማግስቱ፦ ትውከትና ተቅማጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የምግብ መመረዝ ነው። ኦ አር ኤስ ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ፀሐይ ላይ ውሎ ሰውነቱ የጋለና የተወናበደ ሰው ግን ሙቀት መቶት ሊሆን ይችላል፤ ጥላ ውስጥ አስገቡ፣ ውኃ እያፈሰሳችሁ አቀዝቅዙት፣ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

🗓 ከ1 እስከ 3 ቀን፦ የተጓዥ ተቅማጥ። ደም ካለበት፣ ትኩሳት ካለው ወይም ፈሳሽ ማስቀረት ካቃታችሁ ታከሙ።

🗓 ከ7ኛው ቀን ጀምሮ፦ ወባ። የተነከሳችሁ ቅዳሜ ማታ ቢሆን ጥገኛ ተባዩ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይራባል፤ ያኔ ምንም አይሰማችሁም፣ የደም ምርመራም አያሳየውም። ፋልሲፓረም የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ አብዛኛው ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ይወጣል። ቫይቫክስ የሚባለው ግን ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል።

🗓 ከ1 እስከ 3 ሳምንት፦ ታይፎይድ።

🗓 ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴ ከወራት በኋላ፦ ብሩሴሎሲስ።

🗓 ከ4 እስከ 8 ሳምንት፦ የቢልሃርዝያ የመጀመሪያ ትኩሳትና ሽፍታ።

🗓 ከ2 እስከ 3 ወር፦ የኮሶ ትል። ሰገራ ላይ ነጭ ጠፍጣፋ ነገር ታያላችሁ።

ከእነዚህ ሁሉ በሰዓታት ልዩነት ነፍስ የሚያጠፋው ወባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። «ወባ ድሮ ቀረ» የምትሉ ካላችሁ አልቀረም።

ስለዚህ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ። ልጆች ላይ ምልክቱ ጡት ወይም ምግብ እንቢ ማለትና መድከም ብቻ ሊሆን ይችላል። ስትገቡም ካርድ ክፍል ሳይሆን ሐኪሙ ፊት ይህችን ተናገሩ፦

«ከዚህን ያህል ቀን በፊት ቆላ ሄጄ ነበር፤ እዚያ አድሬያለሁ፤ የወባ ምርመራ ይታዘዝልኝ።»

በቃ! ዓረፍተ ነገሯ ይህች ናት። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ሐኪም በቀን ብዙ ትኩሳት ያያል፤ አብዛኛው ወባ አይደለም። ካልነገራችሁት ወባ ወደ ሐሳቡ የሚመጣው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። መጠየቅ የኛ ሥራ ነው፤ ያን አልክድም። እኔ ራሴ ሳልጠይቅ ቀርቼ ያየሁት ነው። ግን አዳር ላይ ያለ የደከመ ሐኪም ቢረሳ እናንተ አስታውሱት።

ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» መባል ወባን አያስቀርም። በአንድ ጊዜ የሚደረገው የዊዳል የደም ምርመራ ድሮ የነበረን ኢንፌክሽን አይቶም ሊያሳይ ይችላል። ቆላ ሄዳችሁ ከነበረ የወባው ምርመራ አብሮ ይሠራ።

ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ «ወባ የለም» መባል የመጨረሻ ቃል አይደለም። ትኩሳቱ ከቀጠለ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገም፤ በማይክሮስኮፕም ይታይ። በአገራችን ፈጣኑ መመርመሪያ የማያገኘው የፋልሲፓረም ዓይነት በአንዳንድ ቦታዎች ተገኝቷል።

ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ግን ቀጠሮም ወረፋም አትጠብቁ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል፦ መቃዠት ወይም አለመንቃት፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት፣ ማቋረጥ ያቃተው ትውከት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ኮካ ኮላ የመሰለ ጥቁር ሽንት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ቆሞ መሄድ እስኪያቅት መድከም።

መድኃኒቱን በተመለከተ፦ ጎረቤት የተረፈውን ኳርተም አትዋጡ። የወባው ዓይነት ይለያል፣ መድኃኒቱም ይለያል። ኳርተም ከታዘዘላችሁ በ3 ቀን 6 ጊዜ፣ ከምግብ ጋር፣ እስከ መጨረሻው። ቫይቫክስ ከሆነ ደግሞ ጉበት ውስጥ የተኛውን ለማጽዳት ለ14 ቀን የሚወሰድ ፕሪማኪን ሊታዘዝላችሁ ይችላል፤ «ተሽሎኛል» ብላችሁ በ4ኛው ቀን ካቆማችሁት ከወራት በኋላ ያገረሻል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ሕፃን የምታጠቡ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩ።

📌 ለማጠቃለል

ጎብዬ ሂዱ። የማሽላ እንጀራውን ብሉ፣ ቡናውን እስከ በረካ ጠጡ፣ ሰውን አጫውቱ፣ ዞብል ላይ ፀሐይ ስትወጣ እዩ። ወተቱን አስፈሉ። ወንዙ ዳር ተቀመጡ እንጂ አትግቡ። ካደራችሁ አጎበር ውስጥ እደሩ፤ ሙቀቱ አንድ ሌሊት ነው። ስትመለሱ ስልካችሁ ላይ የተመለሳችሁበትን ቀን መዝግቡ፤ እስከ አንድ ወር ድረስ እያንዳንዱ ትኩሳት «ወባ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ወባ ነው» ብላችሁ ያዙት፤ ከዚያም በኋላ ቢመጣ ጉዟችሁን ንገሩ።

ጓደኛዬ ዛሬ ደህና ነው። ባለፈው ዓመት ደግሞ «እንደገና እንሂድ» አለኝ። ሄድን። አክስቴ በሩ ላይ ተቀብላው፣ ሰላምታውን እንኳን ሳትጨርስ «ልጄ፣ ዛሬስ በረንዳ የለም!» አለችው። እሱም ሳቀና ከቦርሳው የራሱን አጎበር አውጥቶ አሳያት። ሁለት ይዞ ነበር። አንዱ ለኔ ነው።

ቅዳሜና እሁድ ቆላ ሊወርድ ያሰበ ወዳጅ ካላችሁ ከመነሳቱ በፊት ይህን ላኩለት። የተመለሰ ወዳጅ ካላችሁና ካመመው ደግሞ «የት ሄደህ ነበር?» ብላችሁ እናንተ ጠይቁት።

መልካም ጉዞ፣ ጤና ይብዛላችሁ! 🙏